ከሦስተኛው መዝገብ የቆረጥኩት ገጽ

ባለፈው ወር በቦታዬ የተተካችው ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጣች። ሻይ ጠጣች፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ባለቤቴ ስለ ሞላ ነፍሱን ይማር አለች። ከዚያ በኋላ ነው የመጣችበትን ነገር ያወጣችው።

«እትዬ ዘውዴ፣ ከሦስተኛው መዝገብ አንድ ገጽ ተቆርጧል።»

«አውቃለሁ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጠርዙ ላይ ፈርሜበታለሁ።»

«ፊርማውንማ አየሁት። ምክንያቱ ግን የለም። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

የዚያን ዕለት በቃል ነገርኳት። ከሄደች በኋላ ግን በጽሑፍ ቢቀመጥ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሞላ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ረጅም ነገር ለመጻፍ አቅም አጣለሁ። በቀን አንድ ገጽ፣ ልቤ በከበደ ቀን ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ። የምጽፈው እሱ ሥዕል ይስልበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ነው። እርሳሶቹን አላነሳኋቸውም፤ ወደ ዳር ገፋ አድርጌ ለወረቀቴ ቦታ አገኘሁ። ቢዘገይም እጨርሰዋለሁ።

ቆቦ ወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት የገባሁት በታይፒስትነት ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ። ቢሮው ሁለት ክፍል፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን ነበረው። የመጀመሪያው ኃላፊያችን የእጅ ጽሑፌን አየ፤ አባቴ በልጅነቴ ዳዊት እንዳስደገመኝም ሰማ። «አንቺ ግዕዝ ታነቢያለሽ፤ ቅርስ መዝጋቢ ትሆኛለሽ» አለኝ። ሹመት መስሎኝ ደስ አለኝ። በኋላ ሳጣራ ሌላው ሁሉ እምቢ ያለው ሥራ ነው፤ በቆላ ፀሐይ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር፣ መስቀልና መጽሐፍ መለካት፣ ቅጽ መሙላት። የውሎ አበሉ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይረሳል።

የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት በሁለት ዓመት ጨረስኩ። በየሰው ቤት ያለው ክታብ ግን ማንም አልነካውም ነበር። ክታብ አይቶ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ጠባብና ረጅም የብራና ጥቅል ነው። ከላይ እስከ ታች ጸሎትና አስማት ተጽፎበታል። በጽሑፉ መካከል ጥልሰም የሚባለው ሥዕል ይመጣል። የሰሎሞን ማኅተም፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ መረብ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ከመሀል የሚያፈጥ ዓይን። ሰሎሞን አጋንንትን በመረብ እንዳጠመደ ሥዕሉም በሽታውን ያጠምደዋል ይባላል። እኛ አገር አብዛኛው የተጻፈው ለሴት ነው፤ ሾተላይ ለሚያስጨነግፋት፣ የወለደችው ለማይበረክትላት። ከራሷ እስከ እግሯ እንዲጠብቃት በቁመቷ ልክ ይቆረጣል። በቀይ ቀለም የክርስትና ስሟ ይጻፍበታል።

በዚያን ጊዜ ክታብ በገፍ እየወጣ ነበር። ነጋዴ በገበያ ቀን ሮቢት ወይም ጎብዬ ይወርዳል፣ ከተቸገረ ሰው ይገዛል፣ ጥልሰሙን ብቻ ቆርጦ ሌላውን ይጥለዋል፤ ፈረንጅ የሚፈልገው ሥዕሉን ነው። አንድ ቀን ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ከአፈር ላይ የብራና ቁራጭ አነሳሁ። «ዕቀባ» ይላል፤ ጠብቃት ማለት ነው። ማንን እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ከላይኛው ቁራጭ ጋር ሄዷል። ክታቦቹን ሁሉ በየቤታቸው እንዳሉ እመዘግባለሁ ብዬ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። የተመዘገበ ነገር ሲሸጥ ይጠየቃል፤ ያልተመዘገበ ግን እንዳልነበረ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ መሪጌታ ይርጋ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ዞብል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቆዳ ራሳቸው ወጥረው፣ ራሳቸው ፍቀው፣ ራሳቸው የሚጽፉ ሰው ነበሩ። የኔታ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«አንቺ የመንግሥት ሴት፣ ያንን የብረት ሜትርሽን ከብራናው ላይ አንሺ። ይቧጭረዋል።»

«ታዲያ በምን ልለካ የኔታ?»

«በክር። ክር የሰው ገላ ለክቶ ያውቃል፤ ያንቺ ብረት የለካው ቆርቆሮ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በጥጥ ክር እየለካሁ ክሩን ነበር ሜትር ላይ የማሳርፈው።

የኔታ ክታብ ሲከፍቱ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ባለቤቷን «ልክፈተው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እሷ ሞታ ከሆነ ልጇን። እጃቸውን ታጥበው በነፋስ ያደርቁታል፤ በነጠላ አይጠርጉትም፣ የጥጥ ብናኝ ብራና ላይ ይጣበቃልና። ከዚያ በአንድ እጃቸው ስንዝር ያህል እየዘረጉ በሌላው ያነበቡትን እየጠቀለሉ ይሄዳሉ። ሙሉውን ባንዴ ዘርግተው አያውቁም። «ሰው ቤት ገብተሽ ጓዳውንም ሳሎኑንም ባንዴ ትከፍቻለሽ?» ይሉኛል። ቀዩ ስም ጋ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉበታል። ንባባቸውን ሳያቋርጡ «ለአመትከ እገሊት»፣ ለባሪያህ ለእገሊት፣ ብለው ያልፋሉ። ባለቤቷ ፊታቸው ተቀምጣ እንኳ ቢሆን ስሟን በአፋቸው አያወጡትም።

ምክንያቱን ባገራችን የማያውቀው የለም። የክርስትና ስም በቤተ ክርስቲያን እንጂ በደጅ አይጠራም። የሚያውቁት እናት፣ ክርስትና እናትና ካህን ናቸው፤ ምናልባት ባል። ክፉ የሚያስብ ሰው ያን ስም ካገኘ ሰውየውን አገኘ ማለት ነው ይባላል። ክታቡ የሚሠራው በዚያ ስም ነው፤ የሚፈርሰውም በዚያው ነው።

ከጽሑፉ ይልቅ ብራናውን ማንበብ ይወዱ ነበር። ስሙ ያለበትን ቦታ በጣቴ ያስዳስሱኛል። እናት ስትሞት ልጅ ክታቡን ትወርሳለች፤ ያኔ የእናትየው ስም በምላጭ ይፋቅና የልጅቱ ይጻፋል። ደጋግሞ የተፋቀ ቦታ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፣ ወደ ፀሐይ ሲያዙት ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀለሙም ጠርዙ ላይ ይፈሳል። «እዚች ላይ ሦስት ሴት አልፋለች» ይሉኛል። የክታብን ዕድሜ መገመት የተማርኩት እንዲህ ነው።

ካሜራ አልነበረንም። ሞላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተምር ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ ይዞር ጀመር። ወረቀቱን ብራናው ላይ አይጭንም፤ ጎን ለጎን አድርጎ በዓይኑ እየለካ ይገለብጣል። የኔታ የመጀመሪያ ቀን በጥርጣሬ ሲያዩት ቆዩና «ዓይኑን መጨረሻ ላይ አድርገው። ሥራህን ሳትጨርስ እንዳያይህ» አሉት።

«ቢያየኝስ የኔታ?»

«ምን እየሠራህ እንደሆነ ይጠይቅሃላ። ምን ልትመልስ ነው?»

ሞላ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን መጨረሻ ላይ ሳለው። ከዚያ በኋላ በሳላቸው ሁሉ ላይም እንዲሁ አደረገ።

እንዲህ እያልን ዋጃ ድረስ ደረስን። እዚያ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ከቅድመ አያታቸው የቀረ ክታብ ከቤታቸው ምሰሶ ላይ አወረዱልን። «ቢስሚላህ» ብለው አቀበሉኝ። «ምን እንደሚል አላውቅም። ቤታችን ሁለቴ ፈርሶ ሲሠራ አብሮን ኖሯል።»

«የክርስቲያን ጸሎት መሆኑ አያስቸግርዎትም?» አላቸው ሞላ።

«አንተ ልጅ፣ ሰይጣን ሃይማኖት ጠይቆ ነው እንዴ ቤት የሚገባው?»

ለነጋዴ እንዳይሰጡት ስለምናቸው «አብሽሪ፤ አያት አይሸጥም» አሉኝ።

የመዝገቡ ቅጽ «በክታቡ ላይ የተጻፈ የባለቤት ስም» የሚል ዓምድ ነበረው። የኔታ ባዶ ተዪው አሉኝ፤ ተውኩት። ሁለት መዝገብ እንዲህ ባዶ ዓምድ ይዞ አለቀ። ኃላፊው «ያልተሟላ ቅጽ» እያለ ይነጫነጭ ነበር፤ እኔም እየሰማሁ እንዳልሰማሁ አልፈዋለሁ።

አንድ ዓመት ከውጭ አንዲት ተመራማሪ ከአስተርጓሚ ጋር መጣች። የኔታ ቤት ወሰድኳቸው። ሴትዮዋ የጥንት የአይሁድ ብራናዎች ፎቶግራፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ቁርበቱ ላይ ደረደረች። እንደኛው ረጃጅም ጥቅሎች ናቸው። በላያቸው ክብ ክብ ተሥሏል፣ አሥር ክብ፣ አንዱ ከሌላው በመስመር የተያያዘ፤ ሥሩን ወደ ሰማይ ያደረገ ዛፍ ይመስላል። በየክቡ ውስጥ እንደ ጤፍ የደቀቀ ጽሑፍ ሞልቷል። የአይሁድ ሊቃውንት እግዚአብሔር ለፍጥረቱ የሚገለጥበትን መንገድ በዚያ ሥዕል ያጠኑ እንደነበር አስረዳች፤ ክቦቹ የባሕርዩ ስሞች፣ መስመሮቹ በመካከላቸው ያሉ መንገዶች ናቸው። አንዳንዱ ጥቅል ሲዘረጋ ከአንድ ቤት ግድግዳ እንደሚረዝምም ነገረችን።

የኔታ ሳይነኩ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዓይን የለውም» አሉ።

«የለውም» አለች በአስተርጓሚው በኩል።

«በማን ቁመት ነው የተቆረጠው?»

«በማንም። የትምህርት ነው፤ ለሕመም የሚታሰር አይደለም።»

«የሰው ስም የሚገባበት ቦታስ?»

«የሰው ስም የለበትም።»

የኔታ ቀና አሉ። «እንግዲያ የነሱ መጽሐፍ ነው። የኛ ሰው ነው።»

ሴትዮዋ ይህን ስትጽፍ ቆየች። በመጨረሻ የሰሎሞን መረብ ወደኛ የመጣው ከአይሁድ ይሆን ብላ ጠየቀቻቸው። «ሰሎሞን ብዙ ሚስት ነበረው፤ ዘመዱ ብዙ ነው» አሏት። አስተርጓሚው ሳቁን ሳይጨርስ መተርጎም አቃተው።

የኔታ ያሏትን ቃል እኔም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። የጻፉት ነገር ግን ሁሉ አይገባም።

የፈረንጇ መምጣት ኃላፊያችንን አነቃው። ከዞን እንግዶች ተጠርተው ጎብዬ ላይ የክታብ ምዝገባ በአደባባይ ይደረግ አለ። እኔ ቀደም ብዬ ቤት ለቤት ዞሬ ሰዉን ለመንኩ። ካሳመንኳቸው አንዷ ታየች ናት። ከጎብዬ ትንሽ ገባ ብላ የምትኖር፣ ያኔ ከሠላሳ ዓመት ብዙ ያላለፈች ሴት ነበረች። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ አሁን አርግዛ ስድስት ወር ሆኗታል። ክታቡ የእናቷ ነበር፤ ስሙ ተፍቆ የሷ ተጽፎበታል።

«ሰው ፊት ነው የሚከፈተው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የምከፍተው። ምንም አትሆኚም።»

«አንቺ ካልሽ።»

በቀጠሮው ዕለት የኔታ ታመው ቀሩ። የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ክታባቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይዘዋል፣ የዞኑ እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል። ጠዋት ኃላፊው ጠራኝና «ዛሬ እንኳ ቅጹን ሙሉ አድርጊው፣ አታሳፍሪን» አለኝ። ያሳሳተኝ እሱ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ላሳምን ሞክሬያለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ግዕዝ የምታነብ የመንግሥት ሠራተኛ ሴት እንግዶቹ አይተው አያውቁም፤ እኔም እንዲያዩኝ ፈለግሁ።

መጀመሪያ የመጣችው ታየች ነች። ክታቡን ጠረጴዛው ላይ ከራስ እስከ ግርጌ ዘረጋሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ቀዩ ስም ጋ ስደርስ አላቆምኩም። «ለአመትከ» ብዬ የታየችን የክርስትና ስም አስከትዬ አነበብኩና መዝገቡ ላይ ጻፍኩት።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ገና አልገባኝም፤ በንባቤ የተደነቁ መሰለኝ። በሁለተኛው ረድፍ ከታየች ጋር በድንበር የምትካሰስ ጎረቤቷ ተቀምጣ ነበር። ስሙን ቀስ ብላ በአፏ ደገመችውና ወደ ታየች ዞረች።

«አሃ» አለች። «እንዲህ ነሽ ለካ።»

ታየች አልጮኸችም። ክታቡን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጠቀለለችና ወጣች። ከኋላዋ አንዷ ተነሳች፣ ከዚያ ሌላዋ። እንግዶቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነበር። ያን ቀን በሦስተኛው መዝገብ ላይ የተጻፈ ክታብ አንድ ብቻ ነው።

በወሩ ታየች ሦስተኛውን ጨነገፈች።

ከሞላ ጋር ለቅሶ ሄድን። ታየች መደብ ላይ ጋደም ብላለች፤ ስታየኝ ፊቷን አላዞረችም።

«መጣሽ?» አለችኝ።

«መጣሁ እህቴ።»

«ምን ልትመዘግቢ ነው?»

ሞላ ጎንበስ ብሎ እግዜር ያጥናሽ አላት። ለእሱ አንገቷን ነቀነቀችና እኔን እንዲህ አለችኝ፦

«እዚያ የነበረውን ጆሮ ሁሉ መድፈን አትችይም፤ ይገባኛል። ያ ጽሑፍ ግን ባለበት አገር ሁሉ እኔ ተከፍቼ ነው የምኖረው። ስሜን ከመንግሥት መዝገብ አውጪልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

«አወጣዋለሁ» አልኩ።

ስንመለስ ሞላ «የማትችይውን ቃል ገባሽ። የመንግሥት መዝገብ ነው» አለኝ።

«እችላለሁ» አልኩት። እንዴት እንደምችል ግን አላውቅም ነበር።

የኔታን ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። «ሕፃኑን ማን እንደወሰደው እኔ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ስሙን ግን አንቺ አወጣሽው። ስለዚህ አንቺው መልሺው» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። እስከ መጨረሻው ባየሁዋቸው ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «መለስሽው?» ይሉኛል። «ገና የኔታ» እላለሁ። «እንግዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

መዝገቡ ገጹ የተቆጠረ፣ ጀርባው በክር ታስሮ የታተመ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ «አንድ ስም ምን ያደርጋል? በቀለም የተጻፈ ስም ሰው በልቶ ያውቃል?» ብሎ ሸኘኝ። ሁለተኛው መልካም ሰው ነበር፤ ለዞን ጻፈልኝ። መልሱ በስምንት ወሩ መጣ። ባለጉዳይዋ እንዲሰረዝላት የምትፈልገውን ስም በግልጽ ጠቅሳ ማመልከቻ ታስገባ፣ ማመልከቻውም ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ ይላል። ደብዳቤውን ለሞላ ሳነብለት ሳቀ፤ ከዚያ እኔን አየና ተወው። እንደገና ጻፍኩ። በየዓመቱ አንዳንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቢሮ ውስጥ «የገጽ ሴትዮ» ይሉኝ ነበር፤ ይበሉኝ።

ጎብዬ አካባቢ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ክታብ አላሳዩኝም። «የለንም» ይላሉ። ነጋዴው ሲመጣ ያላቸው ጥቂቶች ሸጡ። እጠብቀዋለሁ ያልኩት ነገር በኔው ምክንያት ተሸጠ። ታየች በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቱም አደገች። ይህን ስሰማ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ የገባሁትን ቃል ግን አላቀለለልኝም።

ሦስተኛው ኃላፊያችን ወጣት ነበር፤ ኮምፒውተር ይዞ የመጣ። አሮጌ መዛግብት በሙሉ በማሽን ተነሥተው ለዞንና ለክልል ይሄዳሉ፣ ማንም ተመራማሪ ከፍቶ ያያቸዋል ተባለ። አዲስ ቅጽም መጣ። በዚያው ዓመት ሞላ ታመመ። ደሴ ሐኪም ቤት ተመላለስን። መጨረሻ ላይ አልጋው ላይ ሆኖ «ያ መዝገብ ማሽን ላይ ሊወጣ ነው አይደል?» አለኝ።

«ከሦስት ወር በኋላ።»

«እንግዲያ ደብዳቤ መጻፍ ይበቃሻል።»

ከዚያ በኋላ ስለ መዝገቡ አላነሳም። በሁለተኛው ሳምንት ቀበርኩት። አርባው እንደወጣ፣ በጥቁር ልብሴ ቢሮ ገባሁ። በሥራ ሰዓት፣ በጠዋት፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ሦስተኛውን መዝገብ ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። የሞላን ምላጭ ከወረቀቱ አወጣሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው እትዬ ዘውዴ?»

«ገጽ ልቆርጥ።»

«እኔ እያየሁ?»

«አንተ እያየህ። ለዚህ ነው እስክትገባ የጠበቅኩህ። ሰርቄ ብቆርጠው ኖሮ ዘበኛው ይጠየቅ ነበር።»

«ሕግ አለ እኮ እትዬ። ያስጠይቅሻል።»

«ይጠይቀኝ። ቃለ ጉባኤ ያዝና እፈርማለሁ።»

ከወንበሩ ተነሳ፤ ግን እጄን አልያዘም። ማስመሪያ አስደግፌ ከላይ እስከ ታች ቆረጥኩት። የቀረው ጠርዝ ላይ «በእጄ የተቆረጠ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ቀኑን ጨመርኩ። የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ፋይሌ ውስጥ ገባ። ጡረታዬ አልተነካም። ኃላፊው ቅጣቱን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሲወጣ ግን «ሌላ የቆረጥሽው የለም አይደል?» አለኝ። የለም አልኩት፤ አመነኝ።

ገጹን በቆረጥኩ በማግሥቱ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ጎብዬ ወረድኩ። ታየች ደጃፏ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ጥቁሬን አየች።

«ማን ሞተብሽ?»

«ሞላ።»

ሰፌዷን አስቀመጠች። «ያ ሥዕል ሠሪው? ያጥናሽ። ደግ ሰው ነበር፤ እኔ ቤት ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው።»

ወደ ውስጥ አስገባችኝ። የተቆረጠውን ገጽ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ቀለሙን አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው። ልጇ አጠገባችን ነበረች። «ፍየሎቹን እይልኝ» ብላ ወደ ውጭ ላከቻት። ከዚያ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ከተተችው፤ አመድ እስኪሆን ሁለታችንም አየነው።

«ዘገየሽ» አለች።

«ዘገየሁ።»

«ከወረቀቱስ ወጣ። ከጆሮሽ ማን ያወጣዋል? ያቺ ጎረቤቴ ሞታለች፣ ነፍሷን ይማር። ሌላው ረስቶታል። አንቺ ግን አትረሺውም።»

እውነቷን ነው። ያን ስም ልርሳ ብዬ የታገልኩት ዘመን ይበልጥ አስጠንቶኛል። ምን ልበላት? አልናገረውም ብዬ ብምል፣ ቃሌን ከዚህ በፊትም ሰምታዋለች፤ ምንም አትሆኚም ብያት ነበር። ባዶ እጄን የምመለስ መሰለኝ። ከዚያ ያለኝን አሰብኩ። የኔን የክርስትና ስም እናትና አባቴ ያውቁት ነበር፤ ሞተዋል። ሞላ ያውቀው ነበር። ብቻችንን ስንሆን፣ ነገር ሲከብደን፣ በዚያ ስም ይጠራኝ ነበር። ከአርባ ቀን ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራኝ በምድር ላይ የለም።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ነገርኳት።

ታየች ፈጠጠችብኝ። ለምን እንደነገርኳት ገባት። ከዚያ ስሜን አንዴ፣ በሹክሹክታ ደገመችው። ሌላ ሰው በዚያ ስም ሲጠራኝ ከሞላ በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንባዬ መጣ። አፈርኩና በነጠላዬ ጠረግሁት።

«ያንቺ ያምራል» አለች። «የኔን የምትወደው እናቴ ብቻ ነበረች።»

«የኔን አባቴ አልወደደውም ነበር። ይረዝማል ይል ነበር።»

«ይረዝማል፤ ግን ያምራል።» ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ተነስታ ከምሰሶው ላይ ክታቡን በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ አወረደች። ጭኔ ላይ አኖረችው።

«አዲስ ወረቀት መጥቷል ሲሉ ሰማሁ» አለች። «ጻፊው። ነጋዴው አሁንም ይመጣል፤ ልጄ ደግሞ ከኔ በኋላ ብቻዋን ናት። መንግሥት ይወቀው።»

«ልክፈተው?» አልኳት።

«ክፈቺው።»

አዲሱ ቅጽና የቢሮው ማኅተም ከመስክ ቦርሳዬ አይለዩም። ስንዝር ስንዝር እየዘረጋሁ፣ ያየሁትን እየጠቀለልኩ ለካሁት። ሦስት ጥልሰም አለው፤ ታችኛው መረብ ጫፉ ላይ በምስጥ ተበልቷል፣ እሱንም ጻፍኩ። ክሩን ስዘረጋው ከታየች ቁመት ሁለት ጣት ያህል ያጥራል፤ የተቆረጠው ለእናቷ ነበርና። ይህን ስነግራት ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቆመችና ክሩን በራሷ ለካችው። አዲሱ ቅጽ ላይም ያ የስም ዓምድ አለ። እዚያ ስደርስ ብዕሬን አነሳሁና ቀጣዩን መስመር ሞላሁ። ታየች ከትከሻዬ በላይ ታይ ነበር።

«እሱን ባዶ ተውሽው?»

«ባዶ ተውኩት።»

«እንግዲያው ማኅተምሽን ምቺበት» አለችኝ።